ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ሐረጎን አስቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የደሴ ነዋሪ ነኝ፣ ጓሮ ውስጥ ስንጎዳጎድ መዋል የምወድ ሰው። ክረምት በመጣ ቁጥር በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ስለ ችግኝ ብዙ ይወራል። ደግ ነገር ነው። ግን የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ማንጎ ትከሉ፣ አቮካዶ ትከሉ፣ ፓፓያ ትከሉ። የት? ደሴም ኮምቦልቻም፣ ብርዳሙ ቦሩ ሜዳም ሞቃቱ ሐርቡም። የዛሬው ደብዳቤዬ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤታሞች ናቸው፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሀላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የወረደ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ የደረበውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መሀል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። እኛ ሹራብ ደርበን እንገላገላለን። ለፓፓያ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

በሰኔና በሐምሌ ደሴ መንገድ ዳር ላይ የሚደረደረውን ችግኝ አይታችሁታል። አብዛኛው ከቆላ ተጭኖ የመጣ ነው። ገዢው "ይሄ እዚህ ይሆናል?" ብሎ ሲጠይቅ ሻጩ "ይበቅላል" ይለዋል። አልዋሸም፣ መብቀሉንማ ይበቅላል። ጥያቄው ያፈራል ወይ ነው። ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። በክረምቱ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ለጋው ቅጠል ቀላ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚስብ ነው። ኅዳር ገብቶ ውርጭ በወረደ ማግስት ያ ለጋ ቅጠል በሙሉ ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ፣ እሳት የነካው ይመስላል። በዓመቱ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቃጠላል። ፍሬ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቲቱ ደግሞ ማዳበሪያ ያነሰው እየመሰላቸው ፍግ ይጨምሩለታል። ችግሩ የፍግ አይደለም፣ ዛፉ ያለ ቦታው ነው የተተከለው። ማንጎ ከሐርቡ ቁልቁል፣ ወይም ወደ መርሳ በኩል ነው የሚያምርበት። ኮምቦልቻ እንኳ ይበቅላል እንጂ እንደ ቆላው አይሆንም።

ደሴ ውስጥም ጓሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ሜዳውና ረባዳው በውርጭ ሲመታ ተዳፋቱ ላይ ያለው ግቢ አንዳንዴ የሚተርፈው። እና ከመትከላችሁ በፊት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ተነስታችሁ ግቢያችሁን ዞር ዞር እያላችሁ እዩት። ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የሚያድረው የቱ ጋ ነው? ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው የቱን ጥግ ነው? ጦሳ ሥር የሚኖር ሰው ሌላም ነገር ይቆጥር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቶሎ ትገባበታለች። ብርድ የማይችል ነገር መትከል የግድ ካማራችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር አድርጉት። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቀዋል። ጊሽጣን በዚህ መንገድ መሞከር ይቻላል፣ ብዙ ተስፋ ግን አታድርጉ።

ታዲያ ደሴ ላይ ምን ይተከል? እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ኮክ። ብርዱን ይወደዋል፣ አንድ ዛፍ ብቻውን ያፈራል፣ አበባው ደግሞ ሮዝ ነው። ቅጠል ሳይኖረው ቅርንጫፉ በሙሉ አበባ ሲሆን ከየትኛውም የጌጥ ተክል አይተናነስም። ሰዎች የአበባ ቦታና የፍራፍሬ ቦታ እያሉ ግቢያቸውን ለሁለት ይከፍላሉ፣ ቦታ የጠበበው ሰው ግን ኮክን የመሰለ አንድ ዛፍ ሁለቱንም ይሠራለታል። ፍሬው ሲበስል ትል ይበዛበታል፤ ዝንብ ነው እንቁላሏን ከቆዳው ሥር የምትጥለው። የወደቀውን ፍሬ እዚያው አትተዉት። በየቀኑ ለቅማችሁ በደንብ በታሰረ ፌስታል ፀሐይ ላይ አቆዩት ወይም በጥልቀት ቅበሩት፣ አለዚያ ትሉ መሬት ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል።

ቀጥሎ አፕል። ጨንቻን ታውቃላችሁ፣ የአገራችን አፕል ስሙ የተጠራው እዚያ ነው። ጨንቻም እንደ ደሴ ብርዳም ደጋ ነች። ለእኛ የሚሆኑት ብዙ ብርድ የማይጠይቁት ዝርያዎች ናቸው፣ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አና ብቻዋን ከተተከለች አበባዋን አሳይታ ፍሬ አትይዝም፣ ብትይዝም ጥቂት ነው። ዶርሴት ጎልደን አጠገቧ ስትሆን ንብ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ታመላልሳለች፣ ያኔ ነው ፍሬ የምታዩት። ስለዚህ አፕል ስትገዙ ሁለት ግዙ፣ ያውም ሁለት የተለያዩ። ሌላው ነገር፣ በእኛ አየር ቅጠሉ በራሱ አጥርቶ አይረግፍም። ጨንቻ ያሉ አምራቾች ከለቀማ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፉታል፣ ዛፉም እንደተኛ ቆጥሮ በአንድ ጊዜ ያብባል። አድካሚ ይመስላል፣ ለሁለት ዛፍ ግን የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው።

ወሽመላም አትርሱ። ሰው ንቆታል እንጂ ደጋን የሚችል፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ፍሬው ለልጆች የሚጣፍጥ ዛፍ ነው።

አጥር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከተማችን ውስጥ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ያ ቢጫና ቀይ፣ ብርቱካንማና ሮዝ አበባ በአንድ ዘለላ ላይ የሚያወጣው ቁጥቋጦ፣ የወፍ ቆሎ የምንለው፣ ላንታና ነው። ያምራል፣ አልክድም። ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ነው ከውጭ የመጣው። ግን ፍሬውን ወፍ በልታ በየተራራው ትዘራዋለች፣ አንዴ ከያዘ የግጦሹን መሬት ይወርሰዋል፣ ከብት ከበላው ጉበቱን ይመርዘዋል። ግቢያችሁ ላለው አንድ ቁጥቋጦ ዋጋ የሚከፍለው በዙሪያችን ያለው የገራዶና የቃሉ ገበሬ ነው። እባካችሁ ንቀሉት።

በምትኩ ደሴ ላይ ኮሽም አለላችሁ። እሾሃም ስለሆነ ሌባም ፍየልም አያልፈውም፣ ሲከረከም ጥቅጥቅ ይላል፣ ፍሬው ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ማርማላታ ይወጣዋል። የኮሽም ወንዱና ሴቱ ዛፍ የተለያየ ነው። ፍሬ የሚሰጠው ሴቱ ነው፣ ወንዱ ደግሞ በአቅራቢያው መኖር አለበት። ለአጥር ብዙ ችግኝ አንድ ላይ ስለሚተከል ሁለቱም አብረው ስለሚገቡ አትጨነቁ። አንድ ኮሽም ብቻ ተክሎ ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ግን ሳያይ ሊቀር ይችላል። ቀጋም አለ፣ የራሳችን ጽጌረዳ። በየገደሉ ነጭ አበባውን የምናየው ነው፣ ፍሬውን እረኛ ሁሉ በልቶ ያደገው። ለምን ወደ ግቢ እንደማናስገባው ይገርመኛል። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ አጋም ይሻላል። ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን በመልካም መዓዛ ይሞላዋል፣ ጥቁር ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ አጥር ነው፣ ድርቅ ይችላል። አበባ፣ ፍሬና አጥር በአንድ ተክል። በነጻ ደግሞ ከየቁጥቋጦው ሥር ፍሬውን ለቅሞ ችግኝ ማፍላት ይቻላል። ከዱር ነቅላችሁ አታምጡ እንጂ።

ጽጌረዳ ደሴን ይወዳታል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ላይ አበባው ቶሎ አይረግፍም፣ ቀለሙም ይደምቃል። ጠላቱ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣል። ስለዚህ አጠጋግታችሁ አትትከሉ፣ ነፋስ በመሀሉ ይለፍ። የታመመ ቅጠል ሥሩ ላይ አይከማች። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ፣ ጨክናችሁ ግረዙት። ከገበያ የገዛችሁት የተዳቀለ፣ ማለትም ቀንበጡ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ከድቅሉ በታች፣ ከሥሩ አካባቢ፣ ቅጠሉ ለየት ያለ ጉልበተኛ ቀንበጥ ይወጣል። ደስ ብሏችሁ አታሳድጉት። እሱ የሥሩ ተክል ነው፣ ከተዋችሁት የገዛችሁትን ጽጌረዳ ውጦ ያስቀረዋል። "ጽጌረዳዬ ቀለሙን ለወጠ" ሲባል የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ዓለም ናት። ቡጋንቪላ እዚያ ነው ማየት። ቡጋንቪላ አላብብ አለኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ውሃና ማዳበሪያ ያበዛ ሰው ነው። ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። ፀሐይ ይስጡት፣ ይተዉት። ለገና ሰሞን የሚቀላው ፖይንሴቲያ ደግሞ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል፣ ሌሊቱ ሲረዝም ነው ቅጠሉ የሚቀላው። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የበረንዳ አምፖል አጠገብ ከተከላችሁት አረንጓዴ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ሻጩን ትወቅሳላችሁ።

አቮካዶ ለኮምቦልቻ ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ገንዘባችሁን የሚበላ ነገር አለ። ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፣ 6 ወይም 7 ዓመት ቢሄድ አይገርምም፣ ፍሬውም እናቱን አይመስልም። በግራፍቲንግ የተዳቀለው ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፣ የምታውቁትን ዝርያ ታገኛላችሁ። ሁለቱ ችግኞች ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዳንድ ሻጭም ሁሉንም "የተዳቀለ ነው" ይላል። እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመገጣጠሚያ ጠባሳ መኖር አለበት፤ ወፈር ወይም ጎበጥ ያለ፣ አንዳንዴም የታሰረበት ፕላስቲክ ገና ያልተፈታ። ከጠባሳው በላይና በታች የልጡ ቀለም ትንሽ ይለያል። ግንዱ ከታች እስከ ላይ ለስላሳና አንድ ወጥ ከሆነ የተዳቀለ አይደለም፣ አራት ነጥብ። የፕላስቲኩን ቂጥም ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥሩ ወጥቶ ተጠቅልሎ ከሆነ ችግኙ እዚያ ውስጥ ከልኩ በላይ ቆይቷል።

የአቮካዶ አበባ ነገር ደግሞ ያስደንቃል። አንዱ አበባ መጀመሪያ ሲከፈት ሴት ሆኖ ነው፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ሃስ የሚባለው ዝርያ ጠዋት ሴት ከሆነ ፉዌርቴና ኤቲንገር በተቃራኒው ከሰዓት ናቸው። ሁለቱ ዓይነት ሲቀራረቡ ፍሬ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። አንድ ዛፍ እያደር ከ7 እስከ 8 ሜትር ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ በ150 ካሬ ግቢ ሁለት መትከል አይቻልም። መፍትሔው ጎረቤት ነው። ቡና ላይ ስትገናኙ ተነጋገሩ፣ እናንተ ሃስ ትከሉ እሳቸው ኤቲንገር ይትከሉ፣ ንቧ አጥር አይገድባትም። ጥቁር መረሬ አፈር ካላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታልና ጉብታ ሠርታችሁ ከላይ ትከሉት። አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ በስብሶ ይሞታል።

ፓፓያም ወንድና ሴት አለው። ሳያብብ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ አንድ ጉድጓድ አካባቢ 3 ወይም 4 ትከሉ። ሲያብቡ በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብበው ወንዱ ነው። አንድ ወንድ ትታችሁ ሌሎቹን ወንዶች ንቀሉ። ዘይቱንና ሎሚ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ አያስቸግሩም፣ አልፋቸዋለሁ።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አንድ ነገር ይወቅ። ኦሊያንደርና ያ ትልልቅ ጡሩምባ የመሰለ አበባውን ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ተክል ሁለቱም ከቅጠል እስከ ዘር መርዝ ናቸው። ጉሎም ፍሬው መርዝ ነው። ቅንጭብና ቁልቋል አጥር ስትቆርጡ ወተቱ ዓይን እንዳይገባ፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ልጅ የሚጫወትበት ግቢ ውስጥ ለምን ይህን እንመርጣለን? ጠምበለል እያለ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ በሶብላ፣ ዳማ ከሴ እያለ። ወሎ ውስጥ ቡናችን ያለ ጤና አዳም፣ ዱዓው ያለ አሪቲ ምን ቤት ይመስላል! ለነዚህ ከበር አጠገብ አንድ ክንድ መሬት ይበቃቸዋል። በሶብላ ብቻ ውርጭ አይችልም፣ ደሴ ላይ ብርዱ ካለፈ በኋላ ዝሩት።

ስለ ጊዜው። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ለፍራፍሬ 60 ሳንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱም እንደዚያው። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ፣ ሲሞላ የላይኛው ከበሰበሰ ፍግ ጋር ወደ ሥሩ ይግባ። ዝናቡ ጸንቶ መሬቱ ሲርስ ትከሉ። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፣ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው አሁንም አለ! የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ የመገጣጠሚያው ጠባሳ ከአፈር በላይ ይቅር። ችግኝ የሚሞተው ደግሞ በክረምት አይደለም፣ ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ በታኅሣሥና በጥር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ አንድ ባልዲ ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል። ሥሩን በገለባ ሸፍኑት፣ ገለባው ግንዱን ሳይነካ።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ለእናንተ ለአዘጋጆቹ፦ በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ሰው ችግኝ ሳይገዛ በፊት፣ አንድ ገጽ ስጡን። ለደጋው፣ ለወይና ደጋው፣ ለቆላው ለየብቻ ይሁን። ችግኝ ለሚያፈሉና ለሚሸጡ፦ እያንዳንዱ ችግኝ ላይ በእስኪርቢቶ ሦስት ነገር ጻፉልን፤ ዝርያው ምንድን ነው፣ የተዳቀለ ነው ወይስ ከዘር የበቀለ፣ ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ ያፈራል። ቁራጭ ካርቶንና ክር ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም። የከተማ ግብርና ባለሙያዎችም ችግኝ ስታከፋፍሉ ለደሴ የቆላ ችግኝ አትስጡ፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ዛፉ ግን አያፈራም።

ለአንባቢዎች ደግሞ፣ በተለይ ለደሴዎች፦ ግቢያችሁ ውስጥ የቆየ፣ ጥሩ የሚያፈራ ኮክ ወይም ወሽመላ ያላችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉ። የት ሰፈር እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስ፣ ውርጩን እንዴት እንደቻለ። ከሩቅ ከሚመጣው ይልቅ እዚሁ ብርዱን ችሎ ከኖረው ዛፍ ቀንበጥ ወስዶ ማዳቀል ይሻላልና፣ ማን ምን እንዳለው እንወቅ።

አክባሪያችሁ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ